የሚመታው ባል ብቻ አይደለም

ለአዘጋጁ፣

በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን በጽሑፋችሁ ውስጥ መቺው ሁሌ ባል፣ ተመቺዋ ሁሌ ሚስት ናት።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አስተርጓሚ ነኝ። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ተጠራሁ። የማስተረጉምለት ወጣት አማርኛዬን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የእጁ አንጓ አብጧል። መጀመሪያ የጠየቀኝ «የት ነው የሚያስቀድሱት?» ብሎ ነው። (ማንነቱን የሚጠቁመውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ።) የመታው አብሮት የሚኖረው ወንድ ፍቅረኛው ነው። ከዱላው በላይ ያስፈራው ግን ወሬው አዲስ አበባ፣ እናቱ ጆሮ መድረሱ ነበር። አልፈረድኩበትም። የሀበሻ ወሬ አውሮፕላን ይቀድማል። አገር ቤት ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል።

ሌላ አስተርጓሚ በስልክ መጠየቅ እንደሚችል ስነግረው ወደ እኔ ዞረ። ከሌላ ስቴት፣ የማያውቀው ሰው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር እንዲያስተናግዱ ያዛል። የዲሲ ፖሊስም ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የተመደቡ መኮንኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታደሰው፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ መጠለያዎች የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው ብለው ሰው እንዳይመልሱ ይከለክላል። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ብሎ ዝም የሚልም አለ። ጥቃቱን ሪፖርት አድርጎ ፖሊስን የረዳ ሰው ለወንጀል ተጎጂዎች ለሚሰጠው ዩ ቪዛ (U visa) ማመልከት ይችላል። ወረፋው ግን ዓመታት ይፈጃል።

በሚቀጥለው ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህንም ጨምሩ። ጋዜጣችሁን ካፌ ቁጭ ብሎ የሚያነብ እንደሱ ያለ ልጅ አይጠፋም።

አንዲት አንባቢ፣ ዋሽንግተን ዲሲ