ሰነፍ ሳትሆን ደክሟት ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ አሸዋ ላይ የተዘረረች የባሕር አንበሳ ፎቶ አውጥታችሁ «ሰነፏ» ብላችኋታል። ፈገግ አልኩ፤ ግን ትንሽ ከነከነኝ። ደቡብ አውስትራሊያ፣ ካንጋሩ ደሴት ላይ ያለው ሲል ቤይ ጥብቅ ስፍራ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። እናቲቱ ምግብ ፍለጋ ሦስት ቀን ገደማ ባሕር ውስጥ ትቆያለች። እስከ ባሕሩ ወለል እየጠለቀች ታድናለች። ስትመለስ ድብን ብላ ትተኛለች፤ ማን ይፈርድባታል? ግልገሏ ግን አይምራትም። አሸዋ እንደለበሰ እየተንደረደረ መጥቶ ሆዷ ሥር ይወሸቃል። እሷም ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ ታጠባዋለች።

የአውስትራሊያ የባሕር አንበሳ የምትወልደው በ18 ወር ገደማ አንዴ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በተወለደችበት ዳርቻ። አንዱ ዳርቻ ከተረበሸ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካ እምብዛም የለም። ለዚህም ነው ሲል ቤይ ውስጥ አስጎብኚ ሳይኖር አሸዋው ላይ መውረድ የማይፈቀደው። ቀረብ ብሎ ሰልፊ መነሳት ያማረው አንድ ጎብኚ ሲነጫነጭ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ደንቡ ተመችቶኛል። ከእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ሆኖም ደህና አድርጎ ይታያል።

ለሚቀጥለው ፎቶ «ከሥራ የተመለሰችው» ብትሏትስ?

አንባቢያችሁ