«ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል» ስለተባለው ሣር የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 17 ቀን
ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ኅዳር 8 ቀን በግቢዬ ሣር ላይ የደረሰውን ጉዳት ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ድርጅትዎ የግቢዬን ሣር እንዲንከባከብ የገባነው ውል በእጅዎ ስላለ ከመጀመሪያው አልተርክም። የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ተቆጣጣሪዎ ጋር በስልክ ስለተነጋገርነው ነው። ሣሩ በእጨዳና በዩሪያ ማዳበሪያ መቃጠሉን ስነግረው «ሣር እኮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል» ብሎ ዘጋብኝ።

የትኛው ዝናብ? አሁን ኅዳር ነው። ባሕር ዳር ክረምት የሚገባው ሰኔ ላይ ነው፤ እስከዚያ ሰባት ወር አለ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀትም በመካከል ነው። የግቢዬ ሣር የሆነው ሰርዶ ከሥሩ ቢያቆጠቁጥ እንኳ ባዶውን ቦታ እንግጫ የሚባለው አረም ቀድሞ ይወርሰዋል። የሣር ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

«ጥቅምት 15 ሳያልፍ አፈሩን እንበሳለን» ብለው ቃል የገቡልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ቀኑ በምክንያት የተመረጠ ነው። የጣና ዳር ዋልካ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ጠጥቶ ይታፈናል። በጥቅምት ገና እርጥብ ሳለ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በመንሽ ተበስቶ ቀዳዳው አሸዋ መሞላት ነበረበት። አሁን እንደ ጡብ ደርቋል፤ መንሽ አይገባውም፣ ውሃም ከላይ ከላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ሥር አይወርድም።

ሠራተኞቹ ኅዳር 8 ሲመጡ መንሽ አልያዙም። ሳይታጨድ ከርሞ 12 ሳንቲ ሜትር የደረሰውን ሣር በአንድ ጊዜ ወደ 2 አወረዱት። በአንድ እጨዳ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይነሣም፤ 12 የነበረው መጀመሪያ ወደ 8፣ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ወደ 5 ተኩል፣ ከዚያ ወደ 4 ይወርዳል። ምላጩም ስላልተሳለ ጫፉን ቦጫጨቀው እንጂ አልቆረጠውም።

ይህ ሳያንስ በዚያው እኩለ ቀን ዩሪያ በተኑበት። በካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ለ200 ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ይበቃል። እስከዚያ ቀን ሳይከፈት ከነበረው የ50 ኪሎ ከረጢቴ የቀረውን ስመዝነው 38 ኪሎ ነው። ስድስት እጥፍ! ዩሪያ ወዲያው በውሃ ካልታጠበ እንደ ጨው የሣሩን እርጥበት ይመጥጣል። ዘበኛው የውሃ ጎማውን ዘርግቶ ቢሰጣቸው «ማጠጣት የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው ሄዱ።

በሐምሌ ውሃ በተኛበት ላይ ማሽን እየገፉ ያስቀሩት የጎማ ቦይ እስካሁን አልተደለደለም። በሰኔ ያመጡት ፍግም ስላልተብላላ ግቢውን አረም አልብሶታል። ያኔ ዝም ብያለሁ።

እስከ ኅዳር 25 እርስዎ ራስዎ መጥተው እንዲያዩት እጠይቃለሁ። የሞተው ተነሥቶ ሰርዶ ከነሥሩ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በድርጅቱ ወጪ ይተከል፤ ሁለት ሳምንት በየማለዳው በስሱ፣ ከዚያ በሳምንት በካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይጠጣ። የኅዳር ክፍያ ይመለስልኝ። ላልተበሳ አፈር ስለከፈልኩ የጥቅምቱም ይመለስ። ተቆጣጣሪውም ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ይህ ካልሆነ ውሉን አቋርጬ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አመለክታለሁ።

ፎቶግራፎቹን አያይዣለሁ። ከረጢቱም እንዳለ ተቀምጧል፤ መጥተው መመዘን ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛዎ፣ ከሽምብጥ ሰፈር