«ሰው አለህ ወይ?» ላልሽኝ

መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሮቼስተር አቅራቢያ፣ ኒውዮርክ

ለውድ እናቴ፣ ደሴ

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? አባዬስ እንደምን ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጎረቤቱ፣ ግቢው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እንደምን ከረመ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በኢሞ ስናወራ «ለመሆኑ ሰው አለህ ወይ? ከሥራ ስትወጣ ከማን ጋር ትጫወታለህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «አለ፣ አለ» ብዬ ላልፈው ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ። አንቺ ደግሞ ይህን ስታብሰለስይ እንደምታድሪ አውቃለሁ። ስለዚህ ያለፈውን ሳምንት እንዳለ ጽፌልሻለሁ። ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ። ረጅም ስለሆነ ቡናውን ቀድማ ትጣደው።

እዚህ ፀደይ ገባ የተባለው ባለፈው ሐሙስ ነው። ገባ የሚለው እንግዲህ የቀን መቁጠሪያው ነው እንጂ ዛፉ ገና ቅጠል የለውም፤ በየጥጉ የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ እየቀለጠ መሬቱን ጭቃ አድርጎታል። ሌሊት ውርጭ ነው፣ ቀን ፀሐይ። የበረዶውን ወራት በሩን ዘግቶ የከረመው ሰው ግን አንድ ቀን ሞቅ ካለ በሸሚዝ ይወጣል። ዝግጅቱም ሁሉ ያኔ ይጀመራል።

ዝግጅት የሚታወጀው በወረቀት ነው። እንደ ፒያሳ ድምፅ ማጉያ ጭኖ የሚዞር መኪና የለም። የከተማችን ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ሰሌዳ አለ፤ የትምህርት ቤት ቲያትር፣ የአሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ፣ የአዛውንት ቢንጎ፣ ሁሉም እዚያ ይለጠፋል። የገረመኝ የሚጀምርበት ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበትም ሰዓት መጻፉ ነው። ከ11 እስከ 1 ሰዓት ካለ፣ ልክ 1 ሰዓት ሲሆን ወንበር ማጠፍ ይጀምራሉ፤ ማንም አይቀየምም። አንቺ ቤት ቡና የተጠራ ሰው የሚሄድበት ሰዓት ተጽፎ ቢሰጠው ብዬ አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ግን ልንገርሽ፣ ማታ ሥራ ለሚገባ ሰው ደህና ነገር ነው።

ሰኞ ዕለት ሥራ ስገባ የምሠራበት መጦሪያ ውስጥ ያሉት አዛውንት ሁሉ አረንጓዴ ለብሰው ጠበቁኝ። የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነው፣ የአይርላንዶች በዓል። እኔ እስከ ዛሬ የመጠጥና የጭፈራ ቀን ይመስለኝ ነበር። ወገኖቻቸው ለምን ወደዚህ አገር እንደመጡ ያጫወቱኝ አንድ አዛውንት ናቸው። በፈረንጅ ከ1845 ጀምሮ ድንቻቸውን በሽታ መታው፤ ድሃው የሚበላው ድንች ብቻ ስለነበር አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ፣ ሌላ ሚሊዮን ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። የእሳቸውም ቅድመ አያት ያን ጊዜ ነው የመጡት።

እኔም የእኛን የ66ቱንና የ77ቱን ነገርኳቸው። ወሎ የሚለውን ስም ሰምተውት አያውቁም፤ የ77ቱን ግን በቴሌቪዥን ያዩትን ያስታውሳሉ። አባዬ የ66ቱ ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀይራሉ አይደል? እኒህ ሰውዬ ግን በዋሽንትና በከበሮ አጅበው ያወሩታል። እንዲህ ለማውራት ስንት ትውልድ እንደሚፈጅ እንጃ፤ የእነሱ 180 ዓመት ሆኖታል። ለምሳ የቀረበው ጥቅል ጎመን ከጨው ሥጋ ጋር የተቀቀለ ስለነበር እኔ ቡናዬን ብቻ ጠጥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንዲት ሴትዮ ደግሞ «አተር የሚዘራው ዛሬ ነው» ብለው አስጨነቁኝ። በዚህ አካባቢ በፓትሪክ ቀን አተር መዝራት የቆየ ልማድ ነው፤ አተር ብርድ ስለሚችል መሬቱ ለመቆፈር እንደላላ ይዘሩታል። መስኮት ላይ በተቀመጠ ሳጥን ዘራንላቸው። በነገራችን ላይ በልጉስ እንዴት ነው? ባለፈው «ጦሳ ላይ ደመናው እየመጣ ይመለሳል» ብለሽኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ አለ? የአጎቴ ገብስ በቀለ? ይህን ሳትረሺ አስጽፊልኝ።

ረቡዕ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በአቅራቢያችን ስለሚያልፈው ስለ ኢሪ ቦይ የሚያወራ ንግግር ነበር፤ ዘንድሮ 200 ዓመት ይሞላዋል። 584 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጀልባ መንገድ በአካፋና በዶማ ነው የተቆፈረው፤ ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ ከረሃቡ በፊት የመጡ አይርላንዶች ናቸው። ጀልባውን የምትጎትተው ደግሞ ዳር ዳሩን የምትሄድ በቅሎ ነበረች። አባዬ በቅሎ ጀልባ ጎተተች ሲባሉ የሚሉትን ብሰማ ደስ ይለኛል። ከሌሊት ሥራ መውጣቴ ስለነበር መጨረሻውን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ የሆነውን ግን በደንብ ስሚኝ። እዚህ የከተማው እሳት አደጋ ሠራተኞች ደሞዝ የላቸውም፤ አንዱ አናጺ ነው፣ ሌላዋ አስተማሪ ናት፣ ጥሪ ሲመጣ ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ለመኪናና ለዕቃ የሚሆን ገንዘብ የሚያሰባስቡት ደግሞ በፈረንጆቹ ጾም ዓርብ ዓርብ ዓሣ ጠብሰው በመሸጥ ነው፤ ካቶሊኮቹ በጾማቸው ዓርብ ሥጋ አይበሉም፣ ዓሣ ግን ይበላሉ። ልክ እንደ እድራችን አዳራሽ ያለ ሰፊ ቤት ውስጥ ሕዝቡ ተሰልፎ ይገዛና በረጃጅም ጠረጴዛ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቀላቅሎ ይበላል። «ዓሣ በላህ እንዴ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አልበላሁም። ድንች ጥብስ ብቻ ነው ያዘዝኩት። (እህቴ፣ ድንቹና ዓሣው የሚጠበሱበት ዘይት አንድ መሆኑን አታንብቢላት።)

እየበላን ሳለ ጥሩንባው ጮኸ። ሳህን ይዘው ሲያስተናግዱ ከነበሩት ገሚሱ ሽርጣቸውን ወንበር ላይ ወርውረው ወጡ። ወዲያው ከተሰላፊው መካከል ሁለት ሴቶችና አንድ ጎረምሳ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ሽርጡን አንስተው ታጠቁና ሥራው ቀጠለ። እኔም ትሪ መሰብሰብ ያዝኩ። የጭስ ማውጫ እሳት ኖሯል፣ ቶሎ አጥፍተው ተመለሱ። እኔ «እነዚህ ሰዎች ጎረቤት አያውቁም» ስል የሰማሽኝ ይመስለኛል፤ ይኸው አሁን ደግሞ ስሜን ጠርተው ሰላም የሚሉኝ ሰዎች አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሥራ ጓደኛዬ ዛፍ የሚያልቡበት እርሻ ወሰደኝ። ማልሁልሽ፣ ዛፍ ነው የሚያልቡት! ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ግንዱን በስተው ቱቦ ይሰኩበታል፤ ሌሊት ውርጭ ሲወርድበት፣ ቀን ሲሞቅ ከውስጡ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ይህ የሚሆነው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ እምቡጡ ከፈነዳ ጣዕሙ ይበላሻል። ፈሳሹን በሰፊ መጥበሻ ቀኑን ሙሉ በእንጨት እሳት ያፈሉታል፤ ከ40 ሊትር 1 ሊትር ብቻ ነው የሚተርፈው። ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቶ ሰው ከሰው አይተያይም፤ ሽታው ልብስ ላይ ያድራል። ከዛፍ ስለሆነ ጾምም ነው። አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ለፋሲካ አገር ቤት ለሚገባ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ በቂጣ ብሉት። አባዬ ግን የአገሬን ማር አያክልም ማለታቸው አይቀርም፣ እውነታቸውን ነው።

ማታውን ሮቼስተር አፍጥር ተጠራን። ጠሪው ያደገው ኮምቦልቻ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጠገብ። ወረቀት አልለጠፈም፣ «ቅዳሜ እንዳትቀሩ» ብቻ ነው ያለው። ሰዓት ወደፊት ስለተገፋ እዚህ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው ተደርድሮ፣ አላህ ይቀበላችሁ ተባብለን ተቀመጥን። ባለቤቱ ሁዳዴ የምንጾም እንዳለን አስባ ሁለት ዓይነት ሳምቡሳ ነው የሠራችው፤ የምስሩን ለብቻ፣ በሌላ ዘይት። (ይህችን ጮክ ብለሽ አንብቢላት።) እኔ ሳልነግራት። «ወሎዬ አይደለሁ፣ ይነገረኛል እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ያው እንደምታውቂው ነው። በሞቴ፣ ይቺን ብቻ፣ ሆድህ የት አለ እየተባልን ጎረስን። ዱዓ ሲደረግ እኛም አሜን አልን። መንዙማ በስልክ ተከፈተ፣ አንዱ ትሪ እየደለቀ ተቀበለ። የኮምቦልቻው ልጅ እንደ ልማዱ «እናንተ ደሴዎች ጉም ውስጥ ስላደጋችሁ የኒውዮርክ ብርድ አይነካችሁም» ብሎ ተረበን፤ እኛም ሐረጎን ወርዶ ሙቀት ሲነካው ሥራ የሚጠላው ማን እንደሆነ ነገርነው። በረካው ተጠጥቶ ስንወጣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል፤ ደጅ ላይ ቆመን ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት አወራን።

እሁድ ደብረ ዘይት አይደል? ሥራ ገብቼ ስለነበር ቅዳሴውን በዕረፍት ሰዓቴ በስልክ ነው የተከታተልኩት።

ዒድ የፊታችን እሁድ ወይም ሰኞ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ብር ዛሬ ጠዋት በእህቴ ስም ልኬያለሁ፣ ነገ ባንክ ትጠይቅ። ግማሹን ለጎረቤታችን ለእማማ ስጪልኝ፤ ለበጉ ማሟያ በያት እንጂ ልጄ ላከው ብለሽ አታሳፍሪያት። የቀረው ለአባዬ መድኃኒት ነው፤ እምቢ ቢሉም ከኪሳቸው ክተቺው።

ሽሮዬ አልቋል። ያ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ሲመለስ ሻንጣው ባዶ ነው ብሎኛል፤ በርበሬም ትንሽ ጨምሪበት።

ልጅሽ