ለባቡር ወዳጆች ቡድን አባላት፦ የቅዳሜው ጉዞ

ሰላም ወዳጆች፣

ቅዳሜ የምንገናኘው ለቡ ሳይሆን እንዶዴ ነው። ለቡ የመንገደኛ ጣቢያ ነው፤ እኛ የምንፈልገው የጭነቱን ባቡር ነው። የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሐዲድ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ስለሆነ፣ ዕድል ከቀናን ሁለት ባቡሮች ሲተላለፉ እናያለን።

ከዚያ የድሮውን መስመር ለማየት ወደ አቃቂ እንሄዳለን። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1,435 ሚሊሜትር ነው። አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ላይ የማይሄደው ለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ የናፍጣው ጩኸት ይናፍቀኛል፤ የኤሌክትሪኩ ድምፁን አጥፍቶ ከች ይላል።

ስለዚህ ሐዲዱ ላይ መቆም ክልክል ነው። የላዩ ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ተሸክሟል፤ የሴልፊ ዘንግ ቤት ይቅር። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ።