ኮምቦልቻ ላለው ወዳጄ

ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እናታችንስ ደህና ናቸው? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ስላንተ «ፕሮግራሚንግ ጀመረ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ግን ኮዱን በፍላሽ ይዞ ይዞራል፣ አንድ ነገር በነካ ቁጥር ፎልደሩን ይገለብጣል ሲሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከአሁኑ ጊትን ልመድ፤ በኮድህ ላይ ያደረግከውን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥልህ ፕሮግራም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ኮድ ለመያዝ የሠራው ነው፤ ክፍያ የለውም።

ተርሚናሉን፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የምትሰጥበትን መስኮት፣ አትፍራው፣ አብሽር። ኮድህ ያለበት ፎልደር ገብተህ «ጊት ኢኒት» በል፤ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው። አንድ የተደበቀ ፎልደር ይፈጠራል። የኮድህ ታሪክ በሙሉ እዚያ ስለሚቀመጥ እንዳትሰርዘው።

ጀማሪ ሁሉ የሚደናገረው «አድ» እና «ኮሚት» ላይ ነው። በ«አድ» የሚመዘገበውን ለውጥ ትመርጣለህ፣ በ«ኮሚት» ትመዘግበዋለህ። ለምን ሁለት ሆነ? የሱቅ ሂሳብ ፕሮግራም እየሠራህ ነው እንበል። ዛሬ የቅናሽ ስሌቱን አስተካከልክ፣ የበተኑንም ቀለም ቀየርክ። የስሌቱን ፋይል ብቻ አድ አድርገህ «ቅናሹ ከዋጋው እንዳይበልጥ ተደረገ» ብለህ ኮሚት አድርግ። ቀለሙን ለብቻው። ነገ ስሌቱ ችግር ካመጣ «ጊት ሪቨርት» እሱን ብቻ ይቀለብስልሃል፣ ቀለሙ አይነካም። መልእክቱ ላይ «አስተካከልኩ» ብቻ ብለህ አትለፍ፤ ከወር በኋላ ምን እንዳስተካከልክ አይነግርህም።

አንድ ነገር ልብ በል። አድ ካደረግክ በኋላ ፋይሉን እንደገና ከነካካኸው አዲሱ ለውጥ ኮሚቱ ውስጥ አይገባም። ድጋሚ አድ ማድረግ አለብህ። ስለዚህ የትኛው ለውጥ አድ እንደተደረገ፣ የትኛው እንደቀረ በየመሃሉ «ጊት ስታተስ» እያልክ እይ። «ጊት ሪስቶር» ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፦ ያልመዘገብከውን ለውጥ ያጠፋዋል፣ ጊትም መልሶ አይሰጥህም። መጀመሪያ «ጊት ዲፍ» ብለህ ምን እንደምታጣ አንብብ።

እኔ ከሁሉም የምወድለት ኔትወርክ አለመፈለጉን ነው። ኮሚት የሚቀመጠው እዚያው ማሽንህ ላይ ስለሆነ ኔት ቢጠፋም ሥራህ አይቆምም። ኔት ሲመጣ ጊትሃብ ላይ፣ ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ ማለቴ ነው፣ «ፑሽ» አድርገህ ላከው፤ ፑሽ ያልተደረገ ሥራ ላፕቶፑ ከተበላሸ አብሮ ይሄዳል። ፓስወርድ ያለበትን ፋይል ግን ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት «ጊትኢግኖር» በሚባለው፣ ጊት እንዲተዋቸው የምትፈልጋቸው ፋይሎች ስም በሚዘረዘርበት ፋይል ውስጥ ስሙን ጻፈው።

ብራንችና መርጅ ለጊዜው ይቆዩ። ደሴ ስትወጣ ላፕቶፕህን ይዘህ ና፣ ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።

ወዳጅህ