የቅሬታ ደብዳቤ፦ የስትረስና የፍሎው ሲሙሌሽን ሥልጠናው ስለ ጎደለው ነገር

ለሥልጠና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የሶሊድወርክስ ሲሙሌሽን ሥልጠና እንዲስተካከልልን ስለ መጠየቅ

በማዕከላችሁ በዲዛይን ሶፍትዌሩ በሶሊድወርክስ የተሰጠውን የስትረስ (ኃይል ሲጫን በዕቃው ውስጥ የሚፈጠር ውጥረት) እና የፍሎው (የአየርና የፈሳሽ ፍሰት) ሲሙሌሽን፣ ማለትም ዲዛይንን በኮምፒውተር የመፈተሽ ሥልጠና ያጠናቀቅን ሠልጣኞች ይህን ቅሬታ በጋራ እናቀርባለን። ምስክር ወረቀቱ «ዲዛይን መፈተሽ ይችላሉ» ይላል። ክፍል ውስጥ የተማርነው ግን የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጫን ነው፤ ማቴሪያል መምረጥ፣ ማሰር፣ ኃይል መጫን፣ ሜሽ ማድረግ (ዕቃውን ለስሌት ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል)፣ ራን ማለት (ስሌቱን ማስጀመር)። ባለ ቀለሙ ሥዕል ከወጣ በኋላ ሥዕሉ ልክ መሆን አለመሆኑ የሚጣራበት መንገድ አንድም ቀን አልተነሳም።

የስትረስ ትምህርት መጀመር የነበረበት መልሱ በእጅ ተሰልቶ ከሚታወቅ ነገር ነው። ርዝመቱ 500 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 40 የሆነ ድፍን ብረት በአንድ ጫፉ ታስሮ በሌላው ጫፍ 1,000 ኒውተን ወደ ታች ቢጫንበት፣ ኢላስቲክ ሞዱለሱ (የብረቱ ግትርነት) 200 ጊጋፓስካል ሲሆን ጫፉ 1.95 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ በታሰረበት በኩል ያለው ስትረስ ወደ 94 ሜጋፓስካል ነው። ሶፍትዌሩ ከዚህ የራቀ ቁጥር ካመጣ አሃዱ፣ እስሩ ወይም ማቴሪያሉ ተሳስቷል ማለት ነው። ኒውተን መሆን የነበረበት በኪሎግራም ኃይል ከገባ መልሱ በአሥር እጥፍ ገደማ ያብጣል። ሥዕሉ ግን ያው ነው፤ ቀለሙም አይለወጥም።

ለልምምድ የተሰጠን የኤል ቅርጽ ብራኬት (ደጋፊ ብረት) ዋናው ቅሬታችን ነው። አሠልጣኙ የውስጥ ማዕዘኑ ላይ የታየውን ቀይ አሳይተው «የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ላሜራውን አወፍሩት» አሉ። ቀይ በዚያ ሥዕል ላይ ካሉት ስትረሶች ትልቁን ብቻ ያሳያል፤ ትልቁ 30 ሜጋፓስካል ቢሆንም ቀይ ይወጣል። መታየት ያለበት ቁጥሩ ከብረቱ ይልድ ስትረንግዝ (ብረቱ ላይመለስ መታጠፍ ከሚጀምርበት ስትረስ) ጋር ሲነጻጸር ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማዕዘኑ ራሱ ነው። ፊሌት (የማዕዘን ክብ ማለስለሻ) የሌለው ሹል የውስጥ ማዕዘን ላይ ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ስትረሱ ያለ ማቆሚያ ይወጣል፤ ስለዚህ እዚያ የተነበበው ቁጥር የሜሹ እንጂ የብረቱ አይደለም። ትክክለኛው አሠራር በእውነተኛው ዕቃ ላይ ያለውን ፊሌት መሣል፣ ከዚያም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ የሜሹን መጠን በግማሽ እየቀነሱ ደጋግሞ ማስላት ነው። ትልቁ ስትረስ ከቀደመው ከ5 በመቶ በላይ መለወጡን ሲያቆም ቁጥሩ ሊታመን ይችላል። የእኛ ብራኬት አንድ ጊዜ፣ በመነሻው ሜሽ ብቻ ተሠርቶ ታለፈ።

እስሩም ልክ አልነበረም። ብራኬቱ በአራት ብሎን የሚታሰር ሆኖ ሳለ የታችኛው ገጽ በሙሉ ፊክስ (ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀስ) ተደረገ፤ ይህ ዕቃውን ከእውነቱ በላይ ያጠነክረዋል። በአሰምብሊ (በተገጣጠሙ ክፍሎች) ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚነኩ ክፍሎችን ካልተነገረው በቀር እንደ ተበየዱ እንደሚቆጥር አልተገለጸም። አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጦ የሚንሸራተት ክፍል ተጣብቆ ይሰላል።

ፍሎው ላይ ክፍተቶችን በክዳን መዝጋትና መግቢያ መውጫውን መወሰን በሚገባ ተምረናል፤ ይህን እናመሰግናለን። ሆኖም የጤፍ ማናፈሻው ልምምድ የተሠራው ሶፍትዌሩ ሲከፈት በሚሰጠው 101,325 ፓስካል ነው። ይህ የባሕር ጠለል ግፊት ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ወደ 81,500 ፓስካል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ከዚህም ያንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎግራም መሆኑ ቀርቶ 0.97 ያህል ይሆናል። አየሩ በአንድ ፍጥነት ቢነፍስ ገለባውን የሚገፋበት ኃይል በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። በኮምፒውተር ላይ ገለባውን ያበረረው ማናፈሻ ጎጃም አውድማ ላይ ሲቆም ገለባውን ከጤፉ ጋር ሊያስቀረው ይችላል። ለማስተካከል ፕሮጀክቱ ሲከፈት አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ይበቃ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚያሳስበን የሥልጠናው ውጤት ወደ ጋራዥና ወደ ብየዳ ቤት ስለሚወርድ ነው። በተሳሳተ ሥዕል የጸደቀ የወፍጮ መቆሚያ ሥር ሰው ይቆማል።

ስለዚህ በእጅ ስሌት ማጣራትን፣ ሜሽ ማጣራትን፣ የብሎንና የኮንታክት (የክፍሎች ንክኪ) አሠራርን እንዲሁም የአካባቢውን የአየር ሁኔታ ማስገባትን የሚሸፍን ተጨማሪ ሥልጠና ያለ ክፍያ እንዲሰጠን፣ የልምምድ ፋይሎቹም ታርመው እንዲላኩልን እንጠይቃለን። ይህ የማይቻል ከሆነ የከፈልነው ግማሹ ይመለስልን። የጽሑፍ ምላሻችሁን በ15 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ሠልጣኞቹ

ግልባጭ፦
ሠልጣኞችን ለላኩ ወርክሾፖች