ጠባዬ ነው አትበል

ውድ ልጄ፣

ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር። እንዳትቆጣት፤ ጨንቋት ነው። ሳህን ወድቆ ሲሰበር ክው ብለህ፣ የሚያለቅሰውን ልጅህን እንኳ ሳታይ ከቤት እንደወጣህ ነገረችኝ። ማታ ስትመለስ «ጠባዬ ነው፣ ተይኝ» ብለሃታል።

ጠባይህ አይደለም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠጥቶ በመጣ ቁጥር ምን ይሰበር እንደነበር አንተም እኔም እናውቃለን። ቁልፉ ቀዳዳውን ስቶ በሩን ሲቧጥጥ እህትህን ይዘህ አልጋ ስር ትገባ ነበር። እንዳታለቅስ አፏን በእጅህ ይዘህ። ያኔ ብልህነት ነበር፤ አትርፏችኋል።

ሰውነት ግን አደጋው ማለፉን ቶሎ አያምንም። አደጋ የሚጠብቀው የአእምሮ ክፍል፣ አሚግዳላ የሚሉት፣ በልጅነት ደጋግሞ ከደነገጠ በትንሽ ነገር መነሳት ይለምዳል። ልብ ይመታል፣ የጭንቀት ሆርሞን ይለቀቃል። የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል «ኧረ ሳህን ነው» እስኪል አንተ በሩን አልፈሃል።

አጎትህን ታስታውሰው የለ? ስድሳ ዓመት አልፎትም ጀርባውን ለግድግዳ ካልሰጠ አይቀመጥም ነበር። ሰርግ ላይ ሳይቀር ወንበር ያስቀይራል። ሰው ከኋላው ካለፈ ትከሻው ጆሮው ጋ ይደርሳል። እኛ እንስቃለን። የአባታችን ቀበቶ ከኋላ ነበር የሚመጣው፤ ይህን ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስጠይቀው «ጠባዬ ነው» ይለኛል። ያው ያንተ ቃል! በመጠጥ ሞተ። ለቀስተኛው ሁሉ መጠጡን ረገመ፤ ቀበቶውን ያነሳ ሰው የለም።

ፌሊቲና አንዳ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1998 አሳትመው ነበር። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩት፣ ምንም ካላዩት ይልቅ ለአልኮል ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። ይሄ የማይቀር ዕጣ ነው ማለት አይደለም። እንዲያ አይተው ደህና የኖሩ ብዙ ናቸው። ግን ጠባይ ነው ብለህ አትለፈው።

አሁን ስማኝ። በዚህ ሳምንት ሳይኮሎጂስት ጋ ቀጠሮ ያዝ፤ በልጅነት የስነልቦና ጉዳት ላይ የሠራ መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ። ሁሉንም በአንድ ቀን ልዘርግፍ አትበል። እንደዚያ ሲይዝህ እግርህን መሬት ላይ ተጫን፣ አየሩን ቀስ ብለህ አስወጣ፣ የምታየውን ዕቃ በስሙ ጥራ። መጠጥ እንዳትነካ! ልጁን አቅፈህ «አባባ ደንግጦ ነው፣ አንተ አላጠፋህም» በለው፤ ዛሬውኑ።

እህትህንም ደውልላት፤ ዝም ያለችው ደህና ሆና አይመስለኝም።

የቀጠሮውን ሰዓት ላክልኝ። ልጁን እኔ እይዘዋለሁ።

እናትህ